ዕድር ለቀብር ብቻ ነውን?

(በተማሮች ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በማኅበራዊ አገልግሎት ኮሚቴ ስም የተነበበ ንግግር)



ዛሬ እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ በቤት ውስጥና በሚተዋወቁ ሰዎች መካከል ስለሚደርስ ጥቃት፤ በተለይም ጥቃቱ የደረሰበትን ሰው ጎረቤቱና ወዳጁ እንደ ምን ሊረዳው እንደሚገባ ነው። ርእሱ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንደ ተለጠፈ አንዳንዶቹ «ይህማ የፖሊስና የፍርድ ቤት ሥራ ነው» አሉ። ሌሎቹም «የሰው ገመና ነው፤ የተማሪ ማኅበር ምን አገባው?» አሉ። ሁለቱ አነጋገሮች የተለያዩ ይመስላሉ፤ ነገር ግን በአንድ ነገር ይገናኛሉ፤ ይኸውም እኛን ከነገሩ ውስጥ ማውጣታቸው ነው። እኛ የምንለው ግን ነገሩ ከፖሊስም ከዳኛም አስቀድሞ የሚደርሰው ከጎረቤት ዘንድ ስለ ሆነ፤ ጎረቤት ያበላሸውን ፖሊስና ዳኛ በኋላ ማቃናት ይከብዳቸዋል ነው።

ይህ የእኛ ግምት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በአገራችን የተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ስለ ቤት ውስጥ ጥቃት ለመጀመሪያ ጊዜ ሴቶችን ጠይቆ ነበር። ባል አግብተው ከሚያውቁት ውስጥ ከመቶ 34ቱ ከባላቸው የአካል፤ የወሲብ ወይም የመንፈስ ጥቃት እንደ ደረሰባቸው ተናገሩ። የአካል ወይም የወሲብ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች መካከል ደግሞ ከመቶ 66ቱ ርዳታም አልጠየቁ፤ ለማንም አልነገሩ። እስቲ ይህን ቍጥር ልብ በሉት። ከሦስት ሴቶች ሁለቱ ለእናታቸው እንኳ ሳይናገሩ ይዘውት ይኖራሉ ማለት ነው። ርዳታ ከጠየቁት ጥቂቶች አብዛኞቹ የሄዱት ወደ ጎረቤታቸውና ወደ ገዛ ዘመዶቻቸው ነው። ከዚያ አስቀድሞም የዓለም ጤና ድርጅት በብዙ አገሮች ባደረገውና እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተመው ጥናት፤ በቡታጅራ አካባቢ ከተጠየቁት ባለ ትዳር ሴቶች ከመቶ 71ዱ በዕድሜያቸው ውስጥ ከባላቸው የአካል ወይም የወሲብ ጥቃት ደርሶባቸው ተገኝቷል።

በዚሁ በ2016ቱ ጥናት ውስጥ አንዳንድ ሰዎች እየሣቁ የሚጠቅሱት ሌላ ቍጥር አለ። ባል ሚስቱን በአንዳንድ ምክንያት ቢመታት ተገቢ ነው ብለው የመለሱት ሴቶች ከመቶ 63፤ ወንዶቹ ከመቶ 28 ናቸው። «እንግዲህ ሴቶቹ ራሳቸው ከተስማሙ እናንተን ምን አስጨነቃችሁ?» ይሉናል። ከሕፃንነቷ ጀምሮ «ሴትና አህያ በዱላ» ሲባል እየሰማች ያደገች፤ እናቷም አክስቷም ሲመቱ ችለው ሲኖሩ ያየች ሴት ምን ብላ እንድትመልስ ይጠበቃል? ተረቱን ያወጣው ማንም ይሁን፤ እንድታምነው የተደረገችው ዱላው የሚያርፍባት ናት። በዚህ የሚሥቅ ሰው ለምን እንደሚሥቅ ራሱን ይጠይቅ።

አሁን ወደ ዕድር እንምጣ። በአዲስ አበባም ሆነ በሌሎች ከተሞች ዕድር የሌለበት መንደር ማግኘት ያስቸግራል። ሰው የሞተ እንደ ሆነ ጡሩንባ ይነፋል፤ ድንኳን ይተከላል፤ አግዳሚው፤ ድስቱ፤ ብርጭቆው ከዕቃ ቤት ይወጣል፤ ሴቶቹ ንፍሮ ይቀቅላሉ፤ ወንዶቹ አስከሬን ይሸከማሉ፤ ገንዘብ ያዡም በደንቡ የተወሰነውን ለቤተ ሰቡ ይከፍላል። ከቀብር የቀረ አባል ይቀጣል። ይህን ሁሉ የሚያዝዝ ባለ ሥልጣን የለም፤ ሕዝቡ ራሱ አስቦ ያቆመው ነው። በውነቱ በአገራችን እንደ ዕድር ሰዓቱን የሚያከብርና ሒሳቡን የሚያውቅ ማኅበር እምብዛም አይገኝም። (የእኛን ማኅበር ስብሰባ ከዕድር ስብሰባ ጋር ያወዳደረ ሰው የምንለውን ያውቃል።)

እንግዲህ አንዲት የዕድር አባል ባሏ በየሳምንቱ የሚደበድባት ብትሆን፤ ጩኸቷንም አጥር ለአጥር ያለው ሁሉ ቢሰማ፤ የዕድሩ መተዳደሪያ ደንብ ስለ እርሷ ምን ይላል? ብዙውን ጊዜ ምንም አይልም። ለሐኪም ቤት የሚሰጣት ገንዘብ የለም፤ ለአንድ ሌሊት የምታድርበት ቤት አልተመደበላትም፤ ደብዳቢው አባል የሚጠየቅበት አንቀጽም የለም። ያችው ሴት የሞተች ዕለት ግን ያው ዕድር ድንኳን ይተክልላታል። የመታትም ሰው በድንኳኑ ውስጥ በክብር ተቀምጦ «እግዚአብሔር ያጽናህ» ይባላል።

ይህን የምንለው ዕድርን ለመንቀፍ አይደለም። ዕድር ደንቡን መለወጥ እንደሚችል አንድ ጊዜ አሳይቶናል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. በኤች አይ ቪ ምክንያት ቀብሩ እየበዛ ሲሄድ፤ በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች ብዙ ዕድሮች ለሬሳ ብቻ ሲያወጡት ከነበረው ገንዘብ ከፍለው ሕመምተኛ ማስታመም፤ ወላጆቻቸው የሞቱባቸውን ልጆች መርዳት ጀመሩ። ያን ጊዜም ኤች አይ ቪ የሚባለው ቃል በሹክሹክታ የሚነገር ገመና ነበር። ሽማግሎቹ ግን ስሙን በስብሰባ ላይ ጠሩት፤ ቃለ ጉባኤም ያዙበት። ለታመመው የተቻለ ነገር ለተደበደበችው የማይቻልበት ምክንያት አይታየንም።

በከምባታም የሆነው ተመሳሳይ ነው። ወይዘሮ ቦጋለች ገብሬ እ.ኤ.አ. በ1997 ያቋቋሙት ድርጅት ከሕዝቡ ጋር የጀመረው ሥራ ስብከት አልነበረም፤ ሽማግሌው፤ ወጣቱ፤ ሴቱ፤ ወንዱ አንድ ላይ ተቀምጦ ስለ ሴት ልጅ ግርዛትና ስለ ጠለፋ ለብዙ ጊዜ እንዲነጋገር ማድረግ ነበር። ዕድሮችም ውይይቱን ተቀብለው ልማዱን በማይተው አባል ላይ ፊታቸውን አዞሩ። እ.ኤ.አ. በ2002 ያልተገረዘች ሙሽራ ሰርግ በብዙ ሕዝብ ፊት በግልጽ ተደገሰ። ወይዘሮ ቦጋለች እ.ኤ.አ. በ2019 ዐርፈዋል፤ ሥራቸው ግን ሰፈር ራሱን በራሱ ሊለውጥ እንደሚችል ምስክር ሆኖ ቀርቷል።

ከዕድር ይልቅ አስቸጋሪው ሽምግልና ነው፤ ስለዚህም በዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ።

ሽማግሎቻችን ክፉ ሰዎች አይደሉም። እንቅልፋቸውን አጥተው፤ ሥራቸውን ፈትተው የሰው ቤት ለማቆም የሚደክሙ ናቸው። ነገር ግን አካሄዱን እናስተውል። ሴቲቱ ሌሊት ሸሽታ ከጎረቤት ታድራለች። በማለዳ ሦስት ሽማግሎች ይጠራሉ። ባልየው «ሰይጣን አሳስቶኝ ነው» ይላል። እርሷም «ልጆችሽን አስቢ እንጂ፤ ትዳር እኮ ነው፤ ቻይው» ትባላለች። እርሱ ጉልበት ይስማል፤ ቡና ይፈላል፤ ሽማግሎቹም «አስታረቅን» ብለው ደስ እያላቸው ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። በሦስተኛው ቀን ተመልሶ ለብቻዋ «እንደ ምን ሰነበትሽ?» የሚላት የለም። እንደገና የሸሸች እንደ ሆነ ደግሞ «ይህች ሴት ሽማግሌ አታከብርም» የሚል ስም ይወጣላታል።

ዕርቅ በሁለት እኩል ሰዎች መካከል ለተነሣ ጠብ መድኃኒት ነው። ድንበር ተገፋ፤ ከብት ሰብል በላ፤ ብድር ቀረ ሲባል ሁለቱም ወገን ትንሽ ትንሽ ይተውና ነገሩ ያልቃል። አንዱ መቺ፤ ሌላው ተመቺ በሆነበት ቤት ግን ከእርሷ በኩል የሚተው ነገር ምንድን ነው? የተሰበረ ጥርሷን ነውን? በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ያለው ጥቃት እንጂ ጠብ አይደለም። ጥቃትን እንደ ጠብ አድርጎ መዳኘት ለመቺው ወገን መቆም ነው፤ ሽማግሎቹ ባያስቡትም።

ሕጋችን ራሱ ለረዥም ጊዜ ከዚህ አስተሳሰብ አልወጣም ነበር። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ልጅ በሕግ ያገባት እንደ ሆነ፤ ጋብቻውም ካልፈረሰ፤ እንዳይከሰስ ይፈቅድ ነበር። ወንጀሉ በሠርግ ይታጠብ ነበር ማለት ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ይህን ሽሮ፤ በአንቀጽ 587 ከጠለፋ በኋላ የሚደረግ ጋብቻ ጠላፊውን ከተጠያቂነት እንደማያድነው ደነገገ። በአንቀጽ 564ም በትዳር ጓደኛ ወይም ያለ ጋብቻ አብሮ በሚኖር ሰው ላይ የሚፈጸም ጥቃት የሚያስቀጣ መሆኑን በግልጽ ጻፈ። «የሰው ገመና ነው» ለሚለውም ወዳጃችን አንቀጽ 575ን ያንብብ እንለዋለን፤ በሕይወቱ ወይም በጤናው ላይ ከባድ አደጋ የደረሰበትን ሰው ራሱን ለአደጋ ሳያጋልጥ ሊረዳው ሲችል ትቶት የሄደ እንደሚቀጣ ይናገራል።

ነገር ግን የሕግ መሻሻል ብቻውን እስከ ምን እንደሚያደርስ አንድ የታወቀ ታሪክ ያሳየናል። እ.ኤ.አ. በ1996 በአርሲ አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች፤ ተደፈረች፤ ለማምለጥ ስትሮጥ የተከተላትን ጠላፊዋን በጠመንጃ ገደለችው። በወይዘሮ መዓዛ አሸናፊና በባልደረቦቻቸው ጥቂት ቀደም ብሎ የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጠበቃ ቆመላት። ፍርድ ቤቱም ራሷን ለመከላከል ያደረገችው ነው ብሎ በነጻ አሰናበታት። የመንደሯ ሽማግሎች ግን ከአገሯ እንድትርቅ ወሰኑባት። ዳኛው ነጻ ያወጣትን ልጅ ጎረቤት አሳደዳት። ፍርድ ቤት ከእስር ያስፈታል፤ ውኃ ቀድታ፤ ገበያ ወጥታ፤ ጎረቤት ጠርታ ቡና የምትጠጣበትን ሰፈር ግን ሊሰጣት አይችልም።

የልጅቷ ስም በየጋዜጣው ወጥቷል፤ እኛ ግን እዚህ አንጠራውም። ታሪኳን መሠረት አድርጎ የተሠራው «ድፍረት» የተባለው ፊልም እ.ኤ.አ. በ2014 በአዲስ አበባ ሊመረቅ ሲል ከእርሷ መብት ጋር በተያያዘ ክስ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታግዶ እንደ ነበር ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። የሁለቱን ወገን ክርክር እዚህ አንመረምርም። ለእኛ የሚጠቅመን ነገር ግን አለበት፤ የተጠቃ ሰው ታሪክ ንብረቱ ነው፤ ለበጎ ሥራም ቢሆን ሳያስፈቅዱ አይወስዱትም። በዚህ ግቢ ውስጥ አንዲት እኅታችን ምሥጢሯን ለአንድ ጓደኛዋ ነግራ እስከ ማታ ድረስ ፎቁ ሁሉ «ምስኪን!» እያለ ካያት፤ ያ ርኅራኄ ሳይሆን ሁለተኛ ጥቃት ነው።

መጠለያ ቤቶችም አሉ፤ እነርሱንም መጥቀስ ተገቢ ነው። ወይዘሮ ማሪያ ሙኒር ያቋቋሙት የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2006 በአዲስ አበባ የመጀመሪያውን መጠለያ ከፈተ፤ በኋላም ወደ ሌሎች ከተሞች አስፋፋው። ሴቶችና ልጆቻቸው በዚያ ያርፋሉ፤ ይታከማሉ፤ ሙያ ይማራሉ፤ ጠበቃ ያገኛሉ። በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታልም ሐኪሙ፤ ፖሊሱ፤ ዐቃቤ ሕጉና አማካሪው በአንድ ስፍራ የሚገኙበት አገልግሎት ከተጀመረ ከዐሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። እነዚህ እጅግ የሚመሰገኑ ሥራዎች ናቸው። የሆነ ሆኖ መጠለያ የጥቂት ወራት ቤት ነው፤ ከዚያ የምትወጣው ሴት ተመልሳ የምትገባው ከሰፈር ነው።

ታዲያ ጎረቤት ወይም ጓደኛ ምን ያድርግ? እዚህ ላይ ከሐኪሞችና ከሕግ መምህሮቻችን የተማርነውን በአጭሩ እናካፍላለን።

ከሁሉ አስቀድሞ ማመን ነው። «ምን አድርገሽው ነው?» የሚለው ጥያቄ ከጓደኛ አፍ መውጣት የለበትም፤ እርሱ ራሱ ሲመታት የሚጠይቃት ጥያቄ ነውና። ሁለተኛ ጊዜ፤ ሦስተኛ ጊዜ ታሪኩን እንድትደግም አታስገድዷት። «አሁኑኑ ጥለሽው ውጪ!» ብሎ መጮህም ከወዳጅነት የመነጨ ቢሆንም አደገኛ ነው። ሴት ከደብዳቢዋ በምትለይበት ሰሞን አደጋው ከምን ጊዜውም ይልቅ እንደሚበረታ በየአገሩ የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። ስለዚህ መውጣቷ በዝግጅት ይሁን፤ መታወቂያዋ፤ የልጆቿ የልደት ምስክር ወረቀት፤ ጥቂት ገንዘብና ልብስ ከታመነ ጎረቤት ዘንድ ይቀመጥ፤ የምታድርበትም ቤት አስቀድሞ ይታወቅ። የምትወጣበትን ቀን የምትወስነው እርሷ ናት። አንገቷን አንቆ እንደ ነበር የተናገረች እንደ ሆነ ግን «ምንም አይታይም» ብላችሁ አትለፉት፤ በውጭ ምልክት ሳይታይ ውስጥ ሊጎዳ ይችላልና ዕለቱን ሐኪም ይያት።

የተደፈረ ሰው በ72 ሰዓት ውስጥ ሐኪም ቤት ከደረሰ ኤች አይ ቪ እንዳይዘው የሚከላከል መድኃኒት ይሰጠዋል፤ ፈጥኖ የጀመረው ይበልጥ ይጠቀማል። እርግዝና የሚከላከለውም መድኃኒት እስከ አምስት ቀን ድረስ ይሠራል። ገላን ለመታጠብ፤ ልብስን ለማጠብ መቸኰል የማንም ሰው ተፈጥሮ ነው፤ ነገር ግን ልብሱ ሳይታጠብ በወረቀት ተጠቅልሎ ቢቀመጥ ለማስረጃ ይሆናል። ይህን በመጽሐፍ ከማንበብ ይልቅ ሌሊት በስድስት ሰዓት የምታስታውሰው ጓደኛ ብትኖር ይሻላል። «የተደፈረ ሰው» ያልነውም በከንቱ አይደለም፤ ወንዶች ልጆችም ይጠቃሉ፤ እነርሱማ ከሴቶቹ ይልቅ አፋቸውን ዘግተው ይኖራሉ።

ድብደባ ሲሰማስ? ሁሉም ሰው በሩን ሰብሮ ይግባ አንልም። በሕንድ አገር እ.ኤ.አ. በ2008 የተጀመረ አንድ ዘመቻ ነበር፤ ጎረቤት የሴት ጩኸት ሲሰማ የዚያን ቤት ደወል ደውሎ ወተት ወይም ሌላ ትንሽ ነገር እንዲጠይቅ ያስተምር ነበር። የመጣው ሰው ወተቱን እንዳልፈለገ ደብዳቢው ያውቃል፤ እጁም ለዚያች ሰዓት ይሰበሰባል። ይህ ለእኛ አዲስ ነገር ነውን? አያቶቻችን «እሳት ልጫር» ብለው ከቤት ቤት ሲገቡ ኖረዋል። ዛሬም ሁለት ሦስት ሆኖ ሄዶ «ጨው አበድሩኝ» ማለት ማንንም አያሳፍርም።

ስለ ገዛ ግቢያችንም አንድ ቃል መናገር አለብን። ከሩቅ አገር የመጣች ተማሪ በዚህ ከተማ አባትም አጎትም የላትም፤ ዘመዷ የማደሪያ ክፍል ጓደኛዋ ናት። «እምቢ ካልሽኝ ታያለሽ» እያለ በር ላይ የሚጠብቃትን ጎረምሳ እንደ ፍቅረኛ ቆጥሮ መሣቅ በመካከላችን የተለመደ ነው። ፍቅር በዛቻ አይጠየቅም፤ ያ ሰው በሩን የሚጠብቀው ለማስፈራራት ነው። ክቡራን መምህራንም በመካከላችን ስላላችሁ በድፍረት እንናገራለን፤ የፈተና ውጤትን መደራደሪያ የሚያደርግ ሰው በየትኛውም ትምህርት ቤት ቢገኝ ከዚያ ጎረምሳ የሚለየው ጠመኔ በመያዙ ብቻ ነው። ይህን ስንል መምህራኖቻችን ከእኛ ጋር እንደሚቆሙ ተስፋ በማድረግ ነው፤ አንዳንዶቹም ንግግሩን ስናዘጋጅ ጽሑፋችንን አርመውልናል።

እንግዲህ ኮሚቴው ለዛሬው ስብሰባ የሚያቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ማኅበራችን ከወር መዋጮው ላይ ከእያንዳንዱ አባል 10 ብር ለይቶ ለብቻው የሚያዝ ሣጥን ያቁም፤ ገንዘቡም ለታክሲ፤ ለሕክምናና ለጥቂት ሌሊት ማረፊያ ይዋል፤ የተቀባዩ ስም በሒሳብ መዝገብ ላይ አይጻፍ። «ስም ካልተጻፈ ሒሳቡን ማን ይቆጣጠራል?» የሚል ጥያቄ ከወዲሁ ደርሶናል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። አንድ መምህርትና ሁለት ተማሮች ብቻ ዝርዝሩን ዐውቀው፤ ለጠቅላላ ጉባኤ ድምሩን እንዲያቀርቡ አስበናል። ከዚህ የተሻለ መንገድ የሚያሳየን ቢኖር እንቀበላለን።

ሌላው ሐሳባችን ገንዘብ አይጠይቅም፤ ስለዚህም ይመስለናል ይበልጥ የሚከብደው። ክረምት ደርሶ ወደየአገራችን ስንገባ እያንዳንዳችን የወላጆቻችንን ዕድር ደንብ ጠይቀን እናንብብ። ዳኛውን፤ ጸሓፊውን፤ በተለይም የሴቶች ዕድር ሰብሳቢዋን አነጋግረን፤ ከቀብሩ አንቀጽ ቀጥሎ አንዲት አንቀጽ እንዲጨመር እንለምን፤ ይኸውም ጥቃት ለደረሰበት አባል የሐኪም ቤትና የማደሪያ ወጪ ዕድሩ እንዲችል፤ ለሽምግልና የተቀመጡትም ከሁሉ አስቀድሞ ሴቲቱን ለብቻዋ፤ በሴት ሽማግሌ ፊት፤ «ወደዚያ ቤት መመለስ ትፈሪያለሽ ወይ?» ብለው እንዲጠይቋት፤ «አዎን» ካለች ግን ዕርቁን ትተው ወደ ሕግና ወደ ሐኪም እንዲወስዷት ነው። ሽማግሎቹ «እናንተ ልጆች ትናንት የተወለዳችሁ» ይሉናል። ይበሉን። ቁጭ ብለን እንሰማቸዋለን፤ በሚቀጥለውም እሑድ ተመልሰን እንጠይቃቸዋለን።

የደንቡ ረቂቅ በሁለት ገጽ ተባዝቶ ከበሩ አጠገብ ከጸሓፊያችን ዘንድ ይገኛል። ወደ ቤተ ሰቦቹ ዕድር ሊወስደው የሚፈቅድ ሁሉ የሚሄድበትን ከተማ ከስሙ ጎን ያስመዝግብ፤ በጥቅምት ስንመለስ ምን እንደ ተባለ በዚሁ መጽሔት ላይ እናወጣዋለን። አሁን ለጥያቄ ጊዜ እንስጥ፤ ከዚያም በሣጥኑ ነገር ድምፅ ይሰጥበት።